ጥሻ የዋጠው የተራራ መንገድ፦ ጉዞው እንዴት ይታቀዳል?

ካርታው ላይ ቀጭን የነጠብጣብ መስመር አለ። ከሸለቆው ይነሳል፣ በተራራው ጎን ተጠማዞ ይወጣል፣ በሁለት ጫፎች መሀል ያለውን በር አልፎ ወዲያ ማዶ ይወርዳል። ርዝመቱ 12 ኪሎ ሜትር ነው። በእግሩ የሚተማመን ሰው ይህን ሲያይ "የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው" ይላል። ቦታው ሲደርስ የሚጠብቀው ግን ደረት የሚደርስ ቁጥቋጦ፣ እርስ በርሱ የተነባበረ የወደቀ ግንድና መቶ ሜትር ያህል ብቅ ብሎ መልሶ የሚሰወር ዱካ ነው።

እኔም መጀመሪያ የተሸወድኩት በዚሁ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተነስተን እስከ ምሳ ድረስ እንደ ልባችን ተጓዝን። ከዚያ የቆየ ቃጠሎ ያረፈበት ተዳፋት ጋ ደረስን። በቀጣዮቹ አራት ሰዓታት የሄድነውን ማታ ካርታ ላይ ብንለካው ሁለት ኪሎ ሜትር አልሞላም። ልናድር ያሰብነው ወንዝ ዳር ነበር፤ ያደርነው ግን ድንኳን በማይዘረጋበት፣ በሁለት ግንዶች መሀል ባለች ጠባብ ቦታ፣ ውሃችንን በጉንጭ እየተካፈልን ነው። ጉልበት አንሶን አልነበረም። ስህተቱ የተሠራው ገና ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አድርጌ ነበር ያሰላሁት።

መንገድ የሚሞተው በቁራጭ ነው

የተተወ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል አይጠፋም። አንዱ ኪሎ ሜትር ትናንት የተጠረገ ይመስላል፣ ቀጣዩ ደግሞ መንገድ ኖሮበት የሚያውቅ አይመስልም። ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ ስላልሆነ አስቀድሞ መገመት ይቻላል። የእቅዱ ዋና ሥራም ይኸው ነው፤ የትኛው ቁራጭ በሕይወት እንዳለና የትኛው እንደሞተ እግርን ከማንሳት በፊት መገመት።

ዋናው ገዳይ ብርሃን ነው። ረጃጅም ዛፎች ጥላ በሠሩበት አሮጌ ጫካ ውስጥ መሬቱ ፀሐይ ስለማያገኝ ቁጥቋጦ አይበረታም። እዚያ ያለ መንገድ ለሃምሳ ዓመት ማንም ባይረግጠውም ብዙ ጊዜ ይለያል፤ ችግሩ በየቦታው የወደቀ ግንድ ብቻ ነው። ዛፉ ሲቆረጥ ወይም ሲቃጠል ግን ብርሃኑ በአንዴ ይገባና ያ ሁሉ የተኛ ዘር ይነሳል። ቃጠሎ ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የሚበድለው። መጀመሪያ ሥሩ የሞተ ዛፍ ቆሞ ይቀራል፤ በቀጣዮቹ አስር ዓመታትና ከዚያም በላይ አንድ በአንድ ይወድቃል። በመሀሉ ቁጥቋጦው አድጎ የወደቀውን ግንድ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ከተቃጠለ ሁለት ዓመት የሆነው ቦታ፣ ከተቃጠለ አስራ ሁለት ዓመት ከሆነው በጣም ይቀላል። ቃጠሎው "የቆየ ነው" ሲባል እፎይ የሚል ሰው በተቃራኒው ነው የተረዳው።

ሁለተኛው ነገር መንገዱ ሲሠራ የተቆፈረ መሆኑና አለመሆኑ ነው። በተዳፋት ጎን የሚያልፍ መንገድ ሲሠራ ቁልቁለቱን ቆርጠው ጠፍጣፋ ወለል ያወጡለታል። ያ ወለል ሣርና ቁጥቋጦ ቢበቅልበትም ቅርጹ ለብዙ አስርት ዓመታት አይጠፋም፤ ዓይን ባያየው እግር ያውቀዋል። በሜዳ ላይ ግን ማንም አይቆፍርም። መንገዱ የተረገጠ ሣር ብቻ ስለነበር መረገጡ ሲቀር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይዘጋል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ዱካ ፍለጋ መንከራተት ጊዜ ማባከን ነው፤ የሚፈለገው ከሜዳው ወዲያ፣ መንገዱ እንደገና ጫካ የሚገባበት ቀዳዳ ነው።

ጅረት ማቋረጫዎች ላይ ጎርፍ ዳሩን ቆርጦ ስለሚወስድ መንገዱ ከአፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የሸለቆ ወለል እርጥብና ብርሃናማ ስለሆነ ጥሻው የሚከፋው እዚያ ነው፤ ካርታ ላይ ሜዳ ስለሚመስል ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ነው። በረዶ በሚጥልባቸው ተራሮች ደግሞ የበረዶ ናዳ በየጊዜው የሚወርድባቸው ሰርጦች አሉ። ትልቅ ዛፍ አይቆምባቸውም፤ የሚበቅለው እንደ አለንጋ የሚተጣጠፍ ቁጥቋጦ ነው። የበረዶው ክብደት ሁሉንም ቅርንጫፍ ወደ ታች ስላጎነበሰው፣ ሲወርዱበት ያሳልፋል፣ ሲወጡበት ግን እንደተደገነ ጦር ይቀበላል። አንዱን ሰርጥ ወርዶ መመለስ ሲያቅት የሚገባው ያኔ ነው።

ሸንተረር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ነፋሱ ስለማያሳድግና አፈሩ ስስ ስለሆነ መንገዱ ቢጠፋም መሄጃው አይጠፋም። እቅዴ ውስጥ ምርጫ ባለኝ ቁጥር ከሸለቆ ይልቅ ሸንተረር የምመርጠው ለዚህ ነው፤ ዋጋው ውሃ ማጣት ነው፣ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለምን ተተወ?

ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ መነሳት ሞኝነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ቀላል ነው፤ የሚጠርገው ሰውና ገንዘብ ጠፋ። የአሜሪካ መንግሥት የተጠያቂነት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት፣ የአገሪቱ የደን አገልግሎት ከሚያስተዳድረው 158,000 ማይል (254,000 ኪሎ ሜትር ገደማ) የእግር መንገድ ውስጥ የተቋሙን የራሱን መስፈርት የሚያሟላው ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ሀብታም በሚባል አገር ውስጥ ነው ይህ የሆነው። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው ሕግ መሠረት "ዱር" ተብለው በተከለሉ ቦታዎች ባለሞተር መሣሪያ በመርህ ደረጃ ስለማይፈቀድ፣ የወደቀ ግንድ የሚቆረጠው ባብዛኛው በሁለት ሰው በሚሳብ የእጅ መጋዝ ነው። አንድ ማዕበል በአንድ ሌሊት የጣለውን ለማንሳት ወቅቱን ሙሉ ይፈጃል፤ በቀጣዩ ዓመት ሌላ ማዕበል ይመጣል።

ግን መልሱ ሁሌም የገንዘብ አይደለም። ድልድይ ተወስዶ፣ ተራራው ተንሸራቶ፣ የመሬቱ ባለቤት ተቀይሮ ወይም ቦታው ለዱር እንስሳት መራቢያ ተብሎ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የከፋም አለ። በቦስኒያና ሄርዞጎቪና እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1995 ከተካሄደው ጦርነት የተረፈ ፈንጂ ያልተጠረገባቸው የተራራ አካባቢዎች ስላሉ፣ እዚያ ሰው የማይሄድበት ዱካ የማይሄዱበት በቂ ምክንያት አለው። ስለዚህ የመጀመሪያው ስልክ የሚደወለው ቦታውን ለሚያስተዳድረው ክፍል ነው። "መንገዱ ክፍት ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ "በመዝገብ አለ" የሚል የቢሮ መልስ ነው የምታገኙት። "መጨረሻ በእግሩ የሄደው ማን ነው፣ መቼ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ካርታ ቀን ያለው ወሬ ነው

ወረቀት ካርታ ላይ የታተመበት ዓመትና መሬቱ የተቃኘበት ዓመት ይለያያሉ፤ በጥቃቅኑ የተጻፈውን ፈልጉት። የመንገድ መስመር ብዙ ጊዜ ከአሮጌ እትም ወደ አዲስ እትም እየተገለበጠ ይሻገራል፤ ማንም ሄዶ ሳያየው። ተቃራኒውም ያጋጥማል። አዲሱ ካርታ መንገዱን ሰርዞት አሮጌው በትክክል ይዞት ታገኛላችሁ። ለተተወ መንገድ አሮጌ ካርታ ወርቅ ነው፤ መንገዱ በሕይወት ሳለ በየት በኩል እንደሄደ የሚያሳየው እሱ ነው። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ እ.ኤ.አ. ከ1884 ጀምሮ ያሳተማቸውን፣ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የብሪታንያን አሮጌ ካርታዎች በኢንተርኔት በነፃ አስቀምጠዋል። ሌሎችም አገሮች ተመሳሳይ ክምችት አላቸው።

የከፍታ መስመሮችን ስታነቡ አንድ ወጥመድ አለ። መስመሮቹ በ20 ሜትር ልዩነት የተሠመሩ ከሆነ፣ 15 ሜትር የሆነ ገደል በሁለት መስመሮች መሀል ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ካርታው አልዋሸም፤ ጥሻ ውስጥ እየተሽሎከሎኩ የሚወርዱት እናንተ ግን አፋፉ ላይ ትቆማላችሁ። መንገዱ ካለ እንዲህ ያለውን ገደል ዞሮት ያልፋል። መንገዱን ጥላችሁ "በአቋራጭ" ስትወርዱ ግን የሚዞርላችሁ የለም።

የሳተላይት ምስል ላይ ዱካውን ራሱን ለማየት አትድከሙ። የአውሮፓው ሴንቲኔል-2 ሳተላይት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በነፃ የሚሰጠው ምስል አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት፤ የአንድ ሰው መሄጃ አይታይባትም። የሚታየው መንገዱን የገደለው ነገር ነው፤ የቃጠሎው ጠባሳ፣ የተንሸራተተው ጎን፣ አቅጣጫውን የቀየረው ወንዝ። የላንድሳት ሳተላይቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ምስል ስለሰበሰቡ፣ ዓመታቱን ወደ ኋላ በማገላበጥ ቃጠሎው የደረሰበትን ዓመት ራሱን ማወቅ ይቻላል። ከላይ እንዳልኩት ዓመቱ ሁሉን ይወስናል።

ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ሊዳር ነው። አውሮፕላን በሌዘር ጨረር መሬቱን ይመታል፤ አብዛኛው ጨረር ቅጠል ላይ ይመለሳል፣ ጥቂቱ ግን በቅጠሎች መሀል ሾልኮ መሬት ይደርሳል። ኮምፒውተሩ ቅጠል የመታውን ጥሎ መሬት የመታውን ብቻ ሲያስቀር፣ ደኑ እንደ ጨርቅ ተገፎ ባዶው ተራራ ይታያል። እዚያ ላይ ተዳፋቱን በእኩል ዝንባሌ የሚያቋርጥ ቀጭን ጭረት ካያችሁ የሰው እጅ ያረፈበት ነው፤ ተፈጥሮ ያን ያህል ርቀት እኩል ዝንባሌ ይዛ አትሄድም። ሰፋ ያለ ከሆነ ግን አሮጌ የእንጨት ማመላለሻ ጎዳና ሊሆን ስለሚችል ከአሮጌው ካርታ ጋር አስተያዩት። ብዙ አገሮች ይህን መረጃ በነፃ ከፍተዋል፤ አንድ ምሽት ብታሳልፉበት ሦስት ቀን ከመንከራተት ያድናችኋል።

ኦፕንስትሪትማፕን (ሰዎች በጋራ የሚሠሩትን ነፃ የኢንተርኔት ካርታ) የምትጠቀሙ ከሆነ፣ መስመሩን ነክታችሁ ዝርዝሩን ክፈቱ። የዱካውን መታየት በስድስት ደረጃ የሚገልጽ መለያ አለው፤ "እጅግ ጥሩ" ከሚለው ተነስቶ "ጭራሽ የለም" እስከሚለው ይወርዳል። ብዙዎች ስልካቸው ላይ መስመሩን ብቻ ያዩና ይህን ሳያነቡ ይወጣሉ። ስትራቫ የተባለው የስፖርት መተግበሪያ ተጓዦች የሄዱበትን አጠራቅሞ የሚያሳየው ካርታም ይረዳል፣ ግን ተጠንቀቁ፤ ክረምት ላይ ጥሻውን የሸፈነ በረዶ ላይ በስኪ ያለፉ ሰዎች የተዉት መስመር በጋ ላይ መንገድ አይሆንም።

ኪሎ ሜትር ሳይሆን ሰዓት

ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያስቀመጠው ቀመር ዛሬም ይሠራበታል። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ያዙ፣ ለየ600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሩ። መነሻው ግን እግር የሚያስኬድ መሬት ነው። ጥሻ ሲገባበት ቀመሩ ይፈርሳል፤ የሚፈርሰውም በጥቂቱ አይደለም።

መጀመሪያ ላይ ያነሳነውን 12 ኪሎ ሜትር እንውሰድና 900 ሜትር ይወጣል እንበል። በናይስሚዝ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ለርቀቱ፣ 1 ሰዓት ተኩል ለዳገቱ፣ በድምሩ 4 ሰዓት አይሞላም። አሁን በቁራጭ እንሥራው። 7ቱ ኪሎ ሜትር አሮጌ ጫካ ውስጥ ነው፤ ግንድ እየተሻገርን በሰዓት 2.5 ኪሎ ሜትር ብንሄድ 2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ። 3ቱ ኪሎ ሜትር አሮጌ ቃጠሎ ነው፤ እዚያ በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር ከሄድን ደስ ይበለን፣ 3 ሰዓት። የቀረው 2 ኪሎ ሜትር የሸለቆ ጥሻ ነው፤ በሰዓት ግማሽ ኪሎ ሜትር፣ 4 ሰዓት። የዳገቱን 1 ሰዓት ተኩል ስንደምርበት 11 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ይሆናል። ምሳ የለም፣ ዕረፍት የለም፣ መንገድ መፈለግም የለም። "የግማሽ ቀን ጉዳይ" የተባለው ሁለት ቀን ነው ማለት ነው።

ፍጥነቶቹ የእኔ ናቸው፤ የእናንተን የምታውቁት አጭር ሙከራ ስትሄዱ ነው። ከትልቁ ጉዞ በፊት ጥሻ የበላው ሁለት ኪሎ ሜትር መንገድ ፈልጉ፣ ሙሉ ሸክማችሁን ተሸክማችሁ ሂዱበት፣ ሰዓት ያዙ። ቁጥሩ ያሳፍራል፤ ማፈሩ ቤት አጠገብ ቢሆን ይሻላል። በቡድን ስትሆኑ ደግሞ ፍጥነቱ የመጨረሻው ሰው ፍጥነት ነው። ጥሻ ውስጥ ፊተኛው የለቀቀው ቅርንጫፍ የኋለኛውን ዓይን ስለሚመታ ተራርቆ መሄድ ግድ ነው፣ ተራርቆ መሄድም ቡድኑን ያዘገያል።

ስሌቱ ሲያልቅ ቁራጮቹን በቀኑ ላይ ደልድሏቸው። የማይታወቀው ቁራጭ ጠዋት ላይ ይውደቅ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደክሟችሁ ጥሻ አትግቡ፤ ጥሻ የገባ ሰው ካልወጣ አይቆምም፣ መሽቶም ይገፋል፣ አደጋውም ያኔ ነው። የጉዞው አጠቃላይ አቅጣጫም እንዲሁ ነው። የሞተውን ቁራጭ መጀመሪያ፣ የታወቀውን መጨረሻ አድርጉት። ካቃታችሁ አጭር ርቀት ተመልሳችሁ መኪናችሁ ጋ ትደርሳላችሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ከኋላችሁ ትታችሁ የምታገኙት የሞተ ቁራጭ ግን "እስካሁን መጥተን እንዴት እንመለሳለን" ያሰኛል።

መመለሻ ሰዓትም አስቀድማችሁ ጻፉ። "እስከ ስምንት ሰዓት በሩ ላይ ካልደረስን እንመለሳለን" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሁሉም እየሰማ ይነበብ። ደክሞት ቁጥቋጦ ውስጥ የቆመ ሰው ጥሩ ዳኛ አይደለም፤ ጠረጴዛ ላይ የተወሰነው ውሳኔ ይዳኘው።

የሠሪውን ሐሳብ መከተል

መሬት ላይ ከወረዳችሁ በኋላ መንገዱ ሲጠፋ የሚረዳው፣ የሠራው ሰው ምን አስቦ እንደነበር መጠየቅ ነው። ለጭነት እንስሳት ተብሎ የተሠራ መንገድ ቀጥ ብሎ አይወጣም። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ገደማ እየወጣ፣ ገደል ሲያጋጥመው እየዞረ፣ በጥምዝ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ስታጡት በዚያው ዝንባሌ ወደፊት አስቡት። ድንገት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወስዳችሁ ዱካ ከያዛችሁ ምናልባት የእንስሳት ነው። እንስሳት የተተወ መንገድን ይወዱታል፣ ክፍት አድርገውም ያቆዩልናል፤ ግን የሚሄዱት ወደ ውሃቸውና ወደ ግጦሻቸው ነው፣ የሚያልፉትም በወገባችን ቁመት ሥር ነው። ዱካው ከታች ክፍት ሆኖ ከላይ ከተዘጋ ከመንገዱ ወጥታችኋል ማለት ነው።

አስተማማኙ ምልክት የመጋዝ ቁርጥ ነው። አንድ አሮጌ ግንድ መሬት ላይ ተጋድሞ፣ አረንጓዴ ሽበት ለብሶ፣ በስብሶ ታያላችሁ። ጫፉን ስታዩት ግን እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። ከሱ አንድ ሜትር ተኩል ወዲያ የዚያው ግንድ ሌላው ግማሽ አለ፣ እሱም ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። በሁለቱ መሀል ቁጥቋጦ ሞልቶበታል፤ መንገዱ ግን እሱ ነው። ነፋስ የሰበረው ግንድ ተሰንጥቆ ነው የሚሰበረው፣ እንዲህ አይቆረጥም።

ሌላው ዛፍ ላይ የተላጠ ምልክት ነው። ድሮ መንገድ ጠራጊዎች በመጥረቢያ ቅርፊት እየላጡ መንገዱን ያመለክቱ ነበር። ዛፉ ቁስሉን ለመዝጋት ከዳርና ከዳር ቅርፊቱን እያወፈረ ስለሚመጣ፣ ከዓመታት በኋላ የሚታየው እንደተጨፈነ ዓይን ያለ ረዥም ጠባሳ ነው። ብዙ ሰው ዛፉ ሲያድግ ምልክቱ ወደ ላይ የሚወጣ ይመስለዋል። ዛፍ ቁመት የሚጨምረው ከጫፉ ስለሆነ ጠባሳው በተላጠበት ቁመት ላይ ይቆያል፤ አንጋጣችሁ አትፈልጉ።

ዱካው ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ወደፊት "እናገኘዋለን" እያሉ መግፋት የተለመደው ስህተት ነው። እርግጠኛ ወደነበራችሁበት የመጨረሻ ቦታ ተመለሱ፤ አንድ ሰው እዚያ ይቁም፣ ሌሎቹ እየተጠራሩ በማራገቢያ ቅርጽ ይፈልጉ። ለፍለጋው አስራ አምስት ደቂቃ ስጡት። ካልተገኘ እቅዱ ላይ ከተጻፉት ሁለት ነገሮች አንዱ ይደረግ፤ በኮምፓስ እስከ ቀጣዩ ሕያው ቁራጭ መሻገር ወይም መመለስ። በኮምፓስ ከሆነ መግነጢሳዊው ሰሜን ከእውነተኛው የሚለይበትን ማዕዘን የዘንድሮውን ያዙ። አሮጌው ካርታ ላይ የታተመው ቁጥር ዓመታት አልፈውታልና አይታመንም። የ10 ዲግሪ ስህተት በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ 350 ሜትር ያህል ያስታችኋል፤ ጥሻ ውስጥ 350 ሜትር ማለት ሌላ አገር ነው።

ወቅትም ይረዳል። ቅጠል ረግፎ ባለበት ጊዜ፣ ወይም በረዶው ገና ቀልጦ ሣሩ ተጋድሞ ሳለ፣ በጋ ላይ የማይታይ ወለል ይታያል። ስስ በረዶ ሲጥል ደግሞ መንገዱ በተዳፋቱ ላይ እንደ ነጭ ክር ተሠምሮ ያየሁበት ጊዜ አለ።

ውሃ፣ ማደሪያ፣ ሸክም

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ሸንተረር የመረጠ ሰው ለሌሊቱም ለነገውም ይሸከማል፤ ካርታ ላይ ያለ ምንጭ ደግሞ እስከ ወቅቱ መጨረሻ ላይቆይ ይችላል። እቅዱ ላይ ከየውሃው እስከሚቀጥለው ውሃ ያለውን ርቀት በሰዓት ጻፉት፤ "5 ኪሎ ሜትር" የሚለው ቅርብ ይመስላል፣ "7 ሰዓት" የሚለው ግን ጠርሙስ ያስጨምራል። ማደሪያም ሕያው ቁራጮች ላይ ይሁን። ጥሻ ውስጥ ድንኳን የሚያስተኛ ቦታ እንደማይገኝ ስለማውቅ፣ ከየሞተው ቁራጭ በፊትና በኋላ አንድ አንድ ማደሪያ ካርታዬ ላይ አስቀድሜ እከብባለሁ።

በበረዶ መቅለጥ የሚሞላ ወንዝ ከሰዓት በኋላና ማታ ይሞላል፣ ንጋት ላይ ይጎድላል። ድልድዩ የተወሰደበት መሻገሪያ ካለ ማታ ከዳሩ አድራችሁ በማለዳ ተሻገሩ። ስትሻገሩ የቦርሳውን የወገብ መቆለፊያ ፍቱ፤ ብትወድቁ ቦርሳው ይዟችሁ እንዳይሄድ።

ልብስ ላይ ብዙ አልልም። ረጅም ሱሪ፣ ረጅም እጅጌ፣ የሥራ ጓንት፣ ዓይን የሚከልል መነጽር። ቀላል ነው ተብሎ የሚሸጠው ስስ ጨርቅ አንድ ቀን አይቆይም። ከቦርሳ ውጭ ምንም አይንጠልጠል፤ ጀርባዬ ላይ ያሰርኩትን የመኝታ ስፖንጅ ቁጥቋጦው በላልቶ ሲጨርሰው፣ ፍርፋሪው ከኋላዬ ለሚመጣው ጥሩ የመንገድ ምልክት ሆኖት ነበር። ሰማዩ ጥርት ቢልም የጠዋት ጤዛ ከወገብ በታች እንደ ዝናብ ያረጥባል፣ ስለዚህ የዝናብ ሱሪ ጠዋት ይለበሳል። ማታ ገላችሁን ለመዥገር ፈትሹ። መጋዝ ይዞ መንገድ መጥረግ ደግ ሥራ ቢመስልም በብዙ የተከለሉ ቦታዎች ያለ ፈቃድ ክልክል ነው።

ስልክ ኔትወርክ ባይኖረውም ጂፒኤሱ ይሠራል፤ ካርታውን አስቀድማችሁ ማውረድ ብቻ ነው። ለአደጋ ጊዜ ደግሞ በ406 ሜጋኸርዝ ወደ ሳተላይት የሚጮኸው መሣሪያ አለ። የሚሰማው የኮስፓስ-ሳርሳት ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ሰው ሲያድን የቆየ ነው። መሣሪያውን ከመሄዳችሁ በፊት በስማችሁ አስመዝግቡት፤ ያልተመዘገበ ጩኸት የማን እንደሆነ ለማጣራት ጊዜ ይፈጃል። ከአይፎን 14 ጀምሮ ያሉ ስልኮችም በአንዳንድ አገሮች በሳተላይት እርዳታ መጥራት ይችላሉ፣ ግን ክፍት ሰማይ ይፈልጋሉ፤ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ሆናችሁ ብትሞክሩ ሊያቅታቸው ይችላል። ፊሽካ ግን ባትሪ አይፈልግም። በደቂቃ ስድስት ጊዜ ነፍቶ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት፣ ከዚያ መድገም፤ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ከተመለሰላችሁ ሰምተዋችኋል።

ቤት ለሚቀረው ሰው የምትተዉት ወረቀት ላይ የመመለሻ ቀን ብቻ አትጻፉ። ሁለት የጊዜ ገደብ ጻፉለት፤ "እሁድ ማታ እንመለሳለን" እና "እስከ ሰኞ እኩለ ቀን ካልደወልን ለነፍስ አድን ደውል"። በሁለቱ መሀል ያለው ጊዜ ጥሻው የሚበላው ነው። የትኛው ቁራጭ እንደሚያሰጋችሁም ካርታው ላይ ክበቡለት፤ ፈላጊዎች የሚጀምሩት ከዚያ ነው።

ከተመለሳችሁ በኋላ ጂፒኤሱ የቀዳውን መስመር እንዳለ ለሌላ ሰው አትስጡ። ውስጡ ስትጠፉ የዞራችሁበትም አለ፤ ቀጣዩ ሰው እሱንም መንገድ ብሎ ይከተላል። የጠፋችሁበትን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ የቀረው ላይ ያያችሁትን በአጭሩ ጻፉ። "ሦስተኛው ጅረት፣ ድልድይ የለም፣ 40 ሜትር ወደ ላይ ይሻገሩታል" ዓይነት ነገር። ቀኑንም አጠገቡ አስፍሩ።